ሰባት መቶ ሲደርስ ንገረኝ

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር። ከኋላ የጫንነው ሰፋሪ፣ ጎሹ፣ መንገዱን ሙሉ ሚካኤልን ሲጠራ ስለነበር ቀኑ አይጠፋኝም እያልኩ ለብዙ ዓመት አውርቻለሁ። አሁን ሳስበው ግን ጥርጣሬ ይገባኛል። ያን ቀን ለሹፌሩ ለማህጁብ ውኃ ስዘረጋለት በእጁ መልሶልኛል፤ ጾመኛ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ግንቦት ውስጥ ነው። ሚካኤል ደግሞ በየወሩ አለ። እንግዲህ ግንቦት አሥራ ሁለት ይሆን? ሰኔማ ቢሆን መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ መች ያሻግረን ነበር።

ማህጁብ የሆሞሻ ሰው ነው። አፉን የፈታው በበርታ፣ መሪ የጨበጠው ከድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ በአረብኛ ነው። አማርኛ ሦስተኛው ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ አሶሳ የተመደብኩ የግብርና ሠራተኛ ስሆን፣ ወደ ሰፋሪዎቹ መንደር የምመላለሰው በእሱ ፒክአፕ ነበር።

ፒክአፑ አንድ የእርዳታ ድርጅት ትቶት የሄደ፣ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው ሞተሩ በሚተፋው ጭስ ነው፤ አየር አጭቆ ጉልበት ይሰጣል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲበዛበት ግን ጭሱ ይግላል፣ ሲብስበትም ፒስቶን ያቀልጣል። ከማህጁብ በፊት የነበረው ሹፌር የውኃውን ሙቀት ብቻ እያየ አንድ ሞተር በልቷል። ማህጁብ ይህን ሲያነሳ፣ ውኃ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፣ ጭስ ግን አይደብቅም ይል ነበር።

የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ተገጥሞለታል። ሽቦው ስላጠረ መካኒኩ የሰካው ከሹፌሩ ራቅ አድርጎ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ ነው። ስለዚህ ጋቢና የተቀመጠ ሁሉ፣ ካድሬም ይሁን ሐኪም፣ አጎንብሶ ቁጥር ሲያነብለት ይውላል። ሰባት መቶ ዲግሪው ላይ ሚስቱ ኢቲዳል በጥፍር ቀለሟ ቀይ መስመር አስምራበታለች። ማህጁብ ጌጁን «ትኩሳት» ነው የሚለው።

መኪናን «እሱ»፣ ኢቲዳልንም «እሱ» ይል ነበር። አንድ ቀን ላርመው ብሞክር ሳቀብኝ።

«ኡስታዝ፣ እናንተ መኪና ሴት ነው፣ ፀሐይ ሴት ነው ትላላችሁ። ማን አየው? እኔ ሁሉም እሱ ነው። አማርኛ ግማሹ ቀለለኝ።»

ያን ቀን ከባምባሲ ወዲያ ካለው የሰፈራ መንደር ስንደርስ፣ ከወሎ የመጣው ጎሹ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሚስቱ የሻረግ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አዋላጇ ሴትዮ ከእጄ ወጥታለች፣ አሶሳ ሆስፒታል ውሰዷት ብላለች። ሌላ መኪና በአካባቢው አልነበረም። ከኋላ ድርቆሽ አነጠፍንላት፤ ጎሹ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ወንዙን በደህና ተሻገርን። ከወንዙ በኋላ ያለው ዳገት ግን ቀይ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ጎማ ይጎትታል።

ማህጁብ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ሰባት መቶ ሲደርስ ንገረኝ» አለኝ።

ስድስት መቶ ሃምሳ አልኩ። ስድስት መቶ ሰማንያ። ከኋላ የሻረግ ስትጮህ ይሰማል፤ ጎሹ የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢ ይደበድባል። መርፌው የኢቲዳልን ቀይ መስመር ነካ። ነገርኩት። ማህጁብ እግሩን ከነዳጁ አነሳና ማርሽ ቀነሰ። መኪናው እንደ ሽማግሌ መራመድ ጀመረ።

ጎሹ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አሰገገ። «ወንድም ዓለም፣ ምን ነካህ? ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው፤ ንዳው እንጂ።»

«ከቸኮልኩ ይሞታል» አለ ማህጁብ፤ ድምፁን እንኳ አልጨመረም። «ቀስ ካልኩ እሱ አይሞትም። እኔ አውቃለሁ።»

እኔ መኪናውን ማለቱ መስሎኝ ነበር። ጎሹ ግን ይህን እንደ ሐኪም ቃል ተቀበለው፤ ቡጢውን ፈታ፣ ተመልሶም የሚስቱን ግንባር ያብስ ጀመር። ትንሽ ብትጨምርለትስ ብዬ ማህጁብን በቀስታ ጠየቅሁት። ማህጁብ ዳገቱን በአገጩ አሳየኝ።

«እዚህ ከቆመ ማን ይሸከመዋል?»

ስድስት መቶ ሃያ አልኩት። እንደዚያ እየቆጠርን፣ ሜዳው ላይ እየፈጠንን፣ አቀበቱ ላይ እየተጎተትን አሶሳ ገባን።

የሻረግን በቃሬዛ ወሰዷት። የሆስፒታሉ ዘበኛ ሞተሩን አጥፉ፣ በሽተኛ አለ እያለ መጣ። ማህጁብ በጣቱ ቆይ አለው። የጋለ ቱርቦ በድንገት ከጠፋ ይነክሳል፤ ዘይቱ እዚያው ያርርበታል። እኔን ቁጥሩን አንብብ አለኝ። አራት መቶ። ሦስት መቶ። ዘበኛው እያጉረመረመ አጠገባችን ቆመ። መርፌው ከሁለት መቶ በታች ሲወርድ ማህጁብ ቁልፉን አዞረ። በሩን ከፍቶ ወረደ፣ የሞተሩን ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገና የሻረግ ወደገባችበት በር ቀና ብሎ፣ «በቃ፣ አሁን አይሞትም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ጎሹ ወጣ። ሴት ልጅ ነበረች፤ እናቲቱ ተኝታለች። ጎሹ ማህጁብ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል፣ ማህጁብ ቀድሞ ያዘው።

«አንተ ብለኸኝ ነበር» አለው ጎሹ። «አትሞትም ብለኸኝ ነበር።»

ማህጁብ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ለማግሪብ፣ ጾም ለሚፈታበት ሶላት፣ ስንት ሰዓት እንደቀረ ብቻ ጠየቀኝ።

ያን ሌሊት ነገሩ አላስተኛኝም። ዳገቱ ላይ ማንን ነበር «እሱ» ያለው? ጠዋት ልጠይቀው መኪናው ወደሚያድርበት ግቢ ሄድኩ። የወባ መድኃኒት ጭኖ ወደ መንጌ ሊሄድ ከበሩ እየወጣ ደረስኩ። እጄን አነሳሁ፤ እሱም ለሰላምታ መስሎት እጁን በመስኮቱ አውጥቶ አውለበለበልኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ወደ ጉልበቱ አጎንብሶ ቁጥር ያነባል።