የእህቴ የአምስተኛ ቀን ገንፎ

የገብስ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ የሚያወጣው ጠረን ሲሸተኝ፣ ገንፎውም እየወፈረ ሄዶ ድስቱ ውስጥ ጧ ጧ ማለት ሲጀምር፣ ሌላው ሰው ይርበዋል፤ እኔን ንዴት ይይዘኛል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አንዲት አራስ ልንጠይቅ ገብተን ያ ድምፅ ከጓዳ ሲመጣ ሰማሁና፣ ከስድስት ዓመት በፊት ወደነበረው ወደዚያ የኮሮና ዓመት ጎትቶ መለሰኝ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ፊቴን አይታ «አሁንም አልረሳሽውም?» አለችኝ። አልረሳሁትም፤ ለምን እረሳዋለሁ?

እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከእኔ በኋላ ሌላ ልጅ ብትጠብቅ ብትጠብቅ እምቢ ብሏት፣ ጸሎት ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ስትወጣ ደግሞ ዓይኗን ታጥባ የሰው አራስ ልትጠይቅ ትሄድ ነበር። በእኛ አገር ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን፣ ሸነን በምንለው ቀን፣ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው አራሷን አጥበው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ሞልተውበት፣ አንድ ገበታ ከበው ይበሉ ነበር፤ በአባቴ ቤተሰብ ልማድ ደግሞ የሕፃኑ ስም የሚወጣው በዚያው ቀን፣ ገንፎውን በበሉት ሴቶች አፍ ነበር። የሰፈሩን ሁሉ ገንፎ የምታማስለው እናቴ ነበረች። ክንዷ ብርቱ ስለነበር ዱቄቱ አይጓጉልባትም፤ ስንቱን የሰው ልጅ በዚያ ክንዷ እንደተቀበለች እኔ ምስክር ነኝ።

በዚያ በጋ ሆዷ ገፍቶ ሲታይ ደስታው የእኛ ብቻ አልነበረም። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት አዴ ዲንቄ፣ አዴ እትዬ እንደማለት ነው፣ አስተማሪ ናት፣ የእናቴም የጸሎት ጓደኛ፣ በየቀኑ ብቅ እያለች «የዚህን ልጅ ገንፎ የማማስለው እኔ ነኝ፤ አንቺ ያን ቀን እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ» ትላት ነበር። እናቴም አምናት፣ ገብሱን አስፈትጋ፣ አመስ አድርጋ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ለአሥራ አምስት ሴት የሚበቃ አዘጋጅታ አስቀመጠች።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ በሽታው አገር ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ከተማችን መግቢያ ኬላ ላይ አስቁመው ለይቶ ማቆያ ወደተደረገ አንድ ትምህርት ቤት አስገቡት። አሥራ አራት ቀን ምግብ እያመላለስኩ ለዘበኛ እሰጥ ነበር፤ አባቴ በመስኮት እጁን ያወዛውዝልኛል፣ እኔም አወዛውዝለታለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ። ወረቀቱ ተመርምሮ ከበሽታው ነፃ መሆኑን፣ ከማንም ጋር መቀላቀል እንደሚችል ይናገራል። አባቴ ወረቀት የሚያምን ሰው ነው። ቆርቆሮ በራችን ላይ በሙጫ ለጥፎ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። «ከእንግዲህ ማንም አይጠረጥረንም» አለ።

በእኛ ከተማ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ ሰው የሚያውቀው ትርጉም አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ታሽጓል ማለት ነው። ሱቅ ሲታሸግ እንደዚያ ነው፣ መጠጥ ቤት ሲታሸግ እንደዚያ ነው። ይህ ለእኛ አልታየንም። ከውስጥ ሆነን በሩን የምናየው በጀርባው ነው።

ወረቀቱ በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን እናቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሴት ልጅ ወለደች። በማግስቱ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ወደ ቤት ስንገባ የሰፈሩ በር ሁሉ ዝግ ነበር። እልል ያለ ሰው አልነበረም። አንገር ጉቲን ያለችው አያቴም፣ አኮ፣ መኪና ሰው እንዳያመላልስ ስለተከለከለ ቀረች። አባቴ «በሽታውን ፈርተው ነው፣ አትቀየሟቸው» አለ፣ እኔም እሺ አልኩ። በሽታውን መፍራት እኔም እፈራ ነበር።

ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ግን ከታች ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ሴቱም ወንዱም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፣ አዴ ዲንቄ ከሁሉም ፊት ሆና ደረቷን ስትመታ በአጥራችን ቀዳዳ በዓይኔ አየኋት። አባቴ ሄዶ ድንኳኑ ዳር ቁጭ ሲል በግራው ያለው ሰው ተነሳ፣ በቀኙ ያለውም ተነሳ። ተመልሶ መጥቶ እግሩን ታጠበ። ለሞተ ሰው የማይፈራ በሽታ ለተወለደ ሰው ሲሆን የሚያስፈራው በምን ሒሳብ ነው? እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ለቅሶውን እየሰማች «የሞተማ ይቀበራል፣ ምን ይደረግ? በአምስተኛው ቀን ይመጣሉ» አለችኝ። ለእሷ ነገሩ ይሄ ብቻ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀቻት ልጅ ማንም ሳይቀበላት፣ ማንም ስም ሳያወጣላት እንዳትቀር።

አምስተኛው ቀን ደረሰ። አባቴ እሳቱን አነደደ፣ እኔ እናቴ ከአልጋዋ እያዘዘችኝ ዱቄቱን ነሰነስኩ፣ ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። «ለሁሉም አድርጊ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዳታሳንሺ» ትለኝ ነበር። ጓጎለብኝ፣ ቢሆንም ገንፎ ሆነ። ገበታውን መሀል ቤት አኑረን በሩን ከፍተን ጠበቅን። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ ያን ቀን ሰው ጠላሁ።

ያኔ ነው በሩ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» የሚል ድምፅ የሰማሁት። ከጎጃም መጥተው እኛ ሰፈር ያረጁት እማማ ሙሉ ናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ወረቀቱ ፊት ቆመዋል። ፊደል አልቆጠሩም። «ይሄ ምን ይላል? ሰዉ ሁሉ ቤታቸው ታሽጓል ይላል፤ አንብቢልኝ» አሉኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «ታዲያ ይሄ እኮ ግቡ የሚል ወረቀት ነው» አሉና፣ እዚያው በሩ ላይ ቆመው፣ ለሴት ልጅ ነው ብለው ሦስት ጊዜ እልል አሉ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ብድግ አለች።

የሁዳዴ ጾም ነበር። እማማ ሙሉ ቅቤ አይነኩም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላም እህል አይቀምሱም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እናቴን እያጫወቱ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ ከዚያ ቅቤ ካልነካው በኩል ቆርጬ ሰጠኋቸው፣ ከቤታቸው በያዙት ተልባ እያጠቀሱ በሉ። «ጓል አለው» አሉኝ። ደግሞም ሕፃኗን አቅፈው «ላልመጣው ሰው ሁሉ እኔ እበላለታለሁ፤ ስሟን የሺ ብያታለሁ» አሉ። እናቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እሳቸው ሲወጡ ወረቀቱን ከቆርቆሮው ላይ ልጬ አዴ ዲንቄ በር ላይ ሄጄ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በሩን ገርበብ አድርጋ በቀዳዳው «ነገ እመጣለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ። አልመጣችም። የቀረውን ገንፎ ሦስት ቀን ሙሉ እየቆረጥን በላነው። ፊደል ያልቆጠሩት አስነበቡ፤ ፊደል የምታስቆጥረው ግን ቀርባ እንኳ አላየችውም። ፈርታ ነው ይባልላት፤ እኔ አልልም።

ክረምቱ ገብቶ ጓሮው በበቆሎ ሲሸፈን በአጥር ላይ አንድ ሳህን እሸት አቀበለችን፣ እናቴም ተቀበለች፤ እኔ አልበላሁም። መስከረም ላይ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ የሺን ያቅፉ ጀመር። ይቅርታ ያለ ሰው የለም። እናቴ «ተይው» እያለች ኖረች። እማማ ሙሉም ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳር ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት የገባነው አራስ ቤት የአዴ ዲንቄ ነው፤ ልጇ ወልዳ ሸነን ነበር። ገንፎውን እናቴ አማሰለች። አዴ ዲንቄ የሺን አጠገቧ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እያጎረሰቻት «የአንቺንም ገንፎ እኮ የበላነው እኛ ነን፤ ያን ቀን ቤታችሁ እግር መጣያ አልነበረም» አለቻት። የሺ ደስ ብሏት ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው?» አለችኝ። እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ እስክታሳርፍ ጠበቅሁ፤ ሁልጊዜ ዝም በይ የምትለኝ በሱ ነው። እጇ አልመጣም።

«የበሉት እማማ ሙሉ ናቸው፣ ብቻቸውን» አልኳት።

እናቴ ማንኪያዋን ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። «እውነቷን ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። አዴ ዲንቄ አንገቷን ደፋች። የሺ ግን ልጅ ናትና አፏን ከፍታ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠበቀች።

ያኔ የአሥራ አምስት ሴት ገንፎ ነበረን፣ የሚበላው ግን አልነበረም። አሁን ሰዉ ገበታውን ከቦ ተጨናንቆ ተቀምጧል፣ በእናቴ እጅ የተማሰለው ገንፎም አንድ ጓል የለበትም፤ እኔ ግን ከዚያ ገበታ አንድ ጉርሻ እንኳ መዋጥ አቃተኝ።