የፉርቃን መስመር

ፉርቃን ሥዕል የተማረው ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ሱቅ መስኮት ሥር ቆሞ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቁ ቴሌቪዥን የልጆች የሥዕል ትምህርት ይመጣ ነበር። መምህሩ ምክር አያልቅበትም፤ «ልጆች፣ የተሳሳተ መስመር አይሰረዝም፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ሕይወትም እንዲሁ ናት።» ፉርቃንና የጎረቤቱ ልጅ ሀስና ይህን እንደ ዱዓ ሸምድደውት ነበር።

እናቱ ሸሪፋ ግን የራሷ ሕግ ነበራት። «ሰው ከሳልህ አንገቱ ላይ መስመር ጣልበት። ነገ አላህ ፊት ቆመህ ‹በል ሩሕ ስጠው፣ ነፍስ ዝራበት› ስትባል ምን ልትመልስ ነው?» አንገቱ የተቆረጠ ሕይወት የለውማ! ልጁ ታዘዘ። ፊት ሳለ፣ አንገት ላይ አሰመረ። እጁ ለመደ።

አድጎ ኮምቦልቻ ወረደ፤ የሱቅና የሻይ ቤት ማስታወቂያ እየሳለ ይኖር ጀመር። ሀስና ደግሞ ሳውዲ ሄደች። እንዴት ሄደች አትበሉኝ! ደላላው በጠራራ ፀሐይ ቤት ለቤት እየዞረ ሴት ልጅ ሲለቅም፣ ቀበሌው እያየ፣ እኛም እያየን ሄደች። ዓመት ሳይሞላት «ከፎቅ ወድቃ ሞተች» የሚል ስልክ መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የነበረቻት አንድ ጉርድ ፎቶም ከፓስፖርቷ ጋር እዚያው ቀረች።

እናቷ እትዬ ዐሊማ ፉርቃን ዘንድ መጡ።

«ፉርቃኔ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። አብራችሁ ነው ያደጋችሁት፤ ሳልልኝ።»

«አብሽሩ፣ እትዬ።»

ሳላት። ግንባሯ፣ ሸራፋ ጥርሷ፣ ሲያሾፉባት የምታጣምመው ከንፈሯ ሳይቀር መጣ።

«ወላሂ እሷ ናት!» ብለው እትዬ ዐሊማ አለቀሱ። የፉርቃንም ዓይን እንባ ሞላ፤ እጁ ግን የለመደውን ሠራ። አንገቷ ላይ አሰመረ።

እትዬ ዐሊማ ልቅሷቸውን አቆሙ።

«ሰምተሃል ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«አልወደቀችም። አርደዋታል። ታውቅ ኖሯል!»

«ኧረ በአላህ! ልማድ ነው፤ እናቴ ናት ያስለመደችኝ!»

«ሸሪፋ ሞታለች። ማን ይመስክርልህ?»

ፉርቃን መስመሯ ላይ ዶቃ በዶቃ ደርድሮ ድሪ አደረጋት፤ መምህሩ እንዳስተማረው።

«ድሪዋን ለደላላው ሰጥታ አይደል የሄደችው?» አሉ እትዬ ዐሊማ።

በሉ እንግዲህ ምከሩን፣ ቴሌቪዥን ውስጥ የተቀመጣችሁ! ይህች መስመርስ ወደ ምን ትለወጥ? ልጅቷ እንዴት ሞተች ብሎ የጠየቀ አንድ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ፣ እናት መልሱን ከእርሳስ ጭረት ላይ ትፈልግ ነበር?

እትዬ ዐሊማ ወረቀቱን ልክ አንገቷ ላይ አጥፈው ፊቷን ብቻ አስቀሩ። በሻርፓቸው ሸፍነው የደሴ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የፉርቃን ማስታወቂያዎች ኮምቦልቻ ሞልተዋል፤ ሲኒ፣ ጎማ፣ ጫማ። ሰው የለባቸውም።