አባባና የግራ ክንፉ

ትናንት ከጅቡቲው ምኒልክ አደባባይ አውቶቡስ ስሳፈር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መታሻ ቅባት ተቀብተው ነበር። ያ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ የነገውን ፈተናዬን አስረስቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ። አባባ፣ አያቴ፣ በራችን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያሽ፣ እኔም የቅባቱን ክዳን ይዤ ስጠብቅ ታየኝ።

ጉልበቱ የተጎዳው ድሬዳዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ነው። ያኔ ቀን ያስተምራል፤ ፀሐይ ስትበርድ አሸዋው ላይ በባዶ እግሩ ይጫወታል። ኋላ የሶማሊያ ጦርነት መጣና ጠመኔውን አስጥሎ ጠመንጃ አስያዘው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እዚህ ጅቡቲ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ሻይ ቤት፣ ዶሚኖ የሚጫወቱ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ አንድ ቀን በአረማመዳቸው ለያቸው።

«የቡድናችን የግራ ክንፍ ነው እኮ» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ዓይኔን ጨፍኜ ብመታት እንኳ ኳሷ እግሩ ሥር ነበር የምታርፈው።»

ሄዶ ሰላም አላቸው። ቀና ሳይሉ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረጉት።

በነጋታው እኔን ላከኝ፣ ሶማልኛ ስለምችል።

«አዎዌ» አልኳቸው፣ የሰፈሩ ልጆች አያታቸውን እንደሚጠሩት፣ «አያቴ ሻይ አብረን እንጠጣ ይላል።»

በጠራ አማርኛ መለሱልኝ። «አማርኛ ረስቻለሁ በይው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን በምን ተናገርክ ታዲያ?» አለች ሻይ ሻጯ።

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ» አሏት። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ታናሽ ወንድሜን ፊደል ያስቆጠረው አያትሽ ነው። ወንድሜ ከእኛ ከሶማሌዎቹ ወገን ተሰልፎ ሲሞት፣ ከወዲያ ማዶ ይተኩስ የነበረው ማን ነው? ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። አባባ ጉልበቱን ማሸት አቆመ።

«ማን እንደመታው አላውቅም» አለ። «እኔም ልሆን እችላለሁ። አቧራ ነበር።»

«እንዲህ ብለህ ንገራቸዋ።»

«አይ ልጄ። አንድ ጊዜ በስሜ ቢጠራኝ ይበቃኛል። አንቺም አታስገድጂው።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰዉ ሊቅም ሲከተትና መንገዱ ጭር ሲል፣ እየሄደ ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ይቀመጥ ነበር። «በቃ፣ ይቅርብህ» ስለው «አንቺ ኳስ አታውቂም፤ ክንፍ አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመለስም» ይለኛል። ይስቃል። ሽማግሌው ግን ስሙን አይጠሩም።

በዚያው ዓመት፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ አባባ አረፈ።

ሽማግሌው ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ጥግ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ «አባቴን የት ያውቋቸዋል?» አላቸው።

ትሪ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከንፈራቸውን ነው የማየው።

«እዚሁ ሰፈር» አሉ።

ትንሽ ቆይተው «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ብለው ተነሡ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «ማን ናቸው?» አለኝ።

አባባ «አታስገድጂው» ያለኝ ትዝ አለኝና «አላውቃቸውም» አልኩት።