ያልሳልኩት ቀስት

የስቴንስል ቀለም ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ባዮሎጂ ሳስተምር ሴልን በእጄ ስዬ፣ አባዝቼ ለተማሪዎቼ አድል ነበር። እነሱም ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት እያሸተቱ ይሳሳቃሉ። መሀል ላይ ኑክሊየስ፣ ዳር ዳሩን ማይቶኮንድሪያ፤ ከሥሩ «የሴሉ ኃይል ማመንጫ» የሚል ጽሑፍ። መጽሐፋችን ከዚያ አያልፍም ነበር።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሙናዊር ነው። አሁን እህል በረንዳ ስንዴና ባቄላ ይመረምራል። ሹል ቱቦውን ጆንያው ውስጥ ሰክቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣል፤ ያሸታል፣ በጥርሱ ይሰብራል፣ ከዚያ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» ይላል። ተሸካሚዎቹ «ዳኛው» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቃሉን ግን የሚያልፍ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ የሚስቱን የሐዋን የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ መሳለሚያ ቤቴ መጣ። ሐዋ የደም ካንሰር ይዟታል። መጀመሪያ ድካም ሲጀምራት፣ ያኔ ያስተማርኩትን አስታውሶ «ኃይል ማመንጫዋ ደክሞ ነው» ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ማርና አጥሚት ሲመግባት ከረመ። ሐኪም ቤት የወሰዳት ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት ነው።

ወረቀቱ ላይ ፒ 53 የተባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን መበላሸቱ ተጽፏል። ስለሱ እኔም ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከመሳቢያዬ አሮጌውን ሥዕል አውጥቼ፣ ከኑክሊየሱ ወደ ማይቶኮንድሪያው በእስክሪብቶ ቀስት ሳልኩለት። ተቆጣጣሪው ሊጠገን የማይችል ጉዳት ሲያይ ትእዛዙ በዚህ በኩል እንደሚደርስ፣ ያ ኃይል ማመንጫም ተከፍቶ የታመመውን ሴል እንደሚገድል ነገርኩት። ብዙው የካንሰር መድኃኒትም የሚሠራው ይህንኑ ተቆጣጣሪ ቀስቅሶ ነው፤ እሱ ሲበላሽ መድኃኒቱም ይደክማል።

«እንደ አንተ በለው» አልኩት። «የነቀዘውን የሚያስወጣ።»

«የሐዋ የለም ማለት ነው?»

«አለ። ግን ማሽተት አቅቶታል።»

የነቀዘው ሁሉ እየገባ ነዋ፣ አለ ለራሱ። ማሩ ጎድቷት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ማሩስ አልጎዳትም አልኩት።

«ሦስቱ ወርስ፣ ቲቸር? ያኔ ብወስዳት ትተርፍልኝ ነበር?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱም እሱ ነው። ሥዕሉን ብቻ ወደ እሱ ገፋሁለት። ሙናዊር እኔ የጻፍኩትን «ኃይል ማመንጫ» በጣቱ ዳሰሰው፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ከዚያ ተነሳ። ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ደህና ይሁኑ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።