ኖሪን ፓስኮና ነጩ መኪና

ኖሪን ፓስኮ ስታስነጥስ መንገዱ ሙሉ «ይማርሽ» ይላል። ድምጿ እንደዚያ ነው። እኔ ባንክሲያ ጎዳና ላይ ከቤቷ ፊት ለፊት ስኖር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ስለዚህ የሷን ነገር ሳወራ ማንም ጣልቃ ባይገባብኝ ደስ ይለኛል።

በሠፈሩ ትምህርት ቤት በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር የሥጋ ፓይ ትሸጥ ነበር። «እባክሽ» ያላለ ልጅ ሶስ አያገኝም፤ የርዕሰ መምህሩም ልጅ ቢሆን። ባሏ ኬል «ቡሰልተን» በምትባለው ባለ ሚሳኤል የጦር መርከብ ላይ የመተኮሻው አለቃ ነበር። የኔው ባል ዴስም እዚያው ሞተር ክፍል ይሠራ ነበር። መርከቧ ሥራ የጀመረች ዕለት ቤተሰብ ሁሉ ተጠርቶ ላይዋ ላይ ወጣን። ኬል ሙሽራውን እንደሚያስተዋውቅ ሚዜ ደረቱን ነፍቶ መተኮሻውን አሳየን፤ ሚሳኤሉን ከሥሩ ካለው ጎተራ መዝዞ ወደ ሰማይ የሚያነሳ አንድ ረጅም የብረት ክንድ። ኖሪን ከላይ እስከ ታች አየችውና «የጓሮዬን በር ሳትጠግን ይሄን ነው ስትወለውል የምትውለው?» አለችው። ኬል ሲመለስ እንደሚሠራው ማለላት። መርከበኛ መቼም የማይምለው ነገር የለም።

ቡሰልተን ኩሩ መርከብ ነበረች። በመጀመሪያው ሙከራዋ በአውሮፕላን የሚጎተት ዒላማ ሰማይ ላይ በተነች፤ ከወዳጅ አገር መርከቦች ጋር ሐዋይ ድረስ ሄዳ ተለማመደች፤ ማዕበል ለመታቸው ደሴቶች ውሃና ድንኳን አደረሰች። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ጦርነት ዳር ዘብ እንድትቆም ወደ ሩቁ ባሕረ ሰላጤ ተላከች። አንዴ ሄዳ በሰላም ተመለሰች፤ የኖሪን በር ግን እንደተሰበረ ነው። ሁለተኛውን ጉዞ ግን ማናችንም አልወደድነውም።

መርከብ ሲሄድ በኛ መንገድ ሁለት ቤት አንድ ይሆናል፤ ብቻዋን የምታድር ሴት ሬዲዮ ስታዳምጥ ታብዳለች እንላለን። ኖሪን ያን ጊዜ ቤቷ የወሰደችው ቤቭ ትራንተርን ነው፤ የኬል ረዳት የዌይን ሚስት፣ ቀጭን፣ ፈሪ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች። ቤቭ ገብታ ሳትረጋጋ ለባሕር ኃይሉ ቢሮ ደውላ አዲሱን አድራሻዋን አስመዘገበች። እኛ ሳቅንባት። ሕግ አክባሪ ልጅ ነበረች፣ ምን ታድርግ።

አንድ የጥር ሳምንት ስልክ ጠፋ። መርከቧ ወደብ ገብታለች፣ መደወል ነበረባቸው፣ የማንም ባል አልደወለም። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የመርከበኛ ሚስት ሁሉ ታውቃለች። ሰው ሲጎዳ ቤተሰቡ ከሌላ አፍ እንዳይሰማ የመርከቧን መስመር ይዘጉታል። ከዚያ አንዱን ቀን በቀትር ሬዲዮው ተናገረ፤ ቡሰልተን ላይ በደረሰ አደጋ አንድ መርከበኛ ሞቷል፣ ስሙ ቤተሰቡ ከሰማ በኋላ ይገለጻል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ነጩን መኪና መጠበቅ ነበር። የባሕር ኃይሉ ቄስና አንድ መኮንን ይዞ ይመጣል፤ ሲመጣ ማንም ደጅ አይወጣም፣ መርዶን በእጅ መጥራት ነው ይባላል። ከመጋረጃዬ ጀርባ ተወሸቅሁ። ኖሪን ግን ደጇ ላይ በሞተር ማጨጃ ሣሯን ታጭድ ነበር። ከመጡ ቆሜ ያግኙኝ ብላለች አሉ። ቤቭ አጠገቧ ቆማ ሆዷን ይዛ የመንገዱን ጫፍ ታያለች።

መኪናው የቤት ቁጥር እያነበበ ቀስ ብሎ መጣ። የኔ በር ላይ ደረሰ። አለፈኝ። ዴስ በሕይወት አለ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የማጨጃው ድምፅ ቀጥ ሲል ተነሥቼ አየሁ። መኪናው ኖሪን ቤት ቆሟል። ሁለት ሚስቶች፣ አንድ በር፣ አንድ አድራሻ። ሁለቱ ባሎች ደግሞ ጎን ለጎን የሚሠሩት አንድ መተኮሻ ላይ ነው።

ቄሱ ወጣት ነበር፤ ባርኔጣውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ ያያል። ማንን መጥራት እንዳለበት ያውቃል፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን አያውቅም። ዓይኑ የቤቭ ሆድ ላይ ሲያርፍ እንባ ሞላው። አለቀላት፣ እሷ ናት አልኩ በልቤ። ኖሪንም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም።

«አባ፣ ስም እንዳይጠሩ» አለችው። «መጀመሪያ እቺ ልጅ ትቀመጥ። ኮኒ፣ ወንበር ይዘሽ ነይ» ብላ ወደ እኔ መስኮት ጮኸች።

ያን መንገድ በየትኛው እግሬ እንደተሻገርኩት አላውቅም። ቤቭን አስቀመጥናት። ኖሪን አጠገቧ ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘችላትና ወደ ቄሱ ቀና አለች።

«አሁን ይናገሩ።»

«ወይዘሮ ፓስኮ» አለ ቄሱ።

«ተመስገን» አለች ቤቭ።

ከሆዷ ፈንቅሎ ነው የወጣው፤ መንገዱ ሁሉ ሰማው። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች፣ ቃሉ ግን ወጥቷል። ኖሪን የልጅቷን ሌላ እጅ እንደያዘች ቆየች። ማዕበል መርከቧን ሲያጋድላት የብረቱ ክንድ ኬልን እንደመታው ቄሱ ነገራት።

«በሩን እኮ ሲመለስ እሠራዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

ቤቭ በነጋታው እናቷ ቤት ሄደች። ወለደች፤ ዌይንም ተመልሶ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ተዛወሩ። በየገናው ካርድ ትልካለች፤ ከስሟ በቀር ምንም አትጽፍበትም። ኖሪን ፓይዋን መሸጥ ቀጠለች። የጓሮዋን በር ዴስ ልጠግንልሽ ቢላት፣ ተወው፣ ለምጄዋለሁ አለችው።

ቡሰልተን አርጅታ ከሥራ ስትወጣ፣ ጠላቂዎች እንዲዋኙባትና ዓሣ እንዲራባባት ከባሕር ዳርቻችን ፊት ለፊት ሊያሰምጧት ወሰኑ። የምትሰምጥ ዕለት ሕዝቡ አሸዋው ላይ ተሰብስቦ ስለ ታሪኳ ብዙ ንግግር ተደረገ። አንድ ባለሥልጣን በዘመኗ ሁሉ አንድም ሚሳኤል ሰው ላይ ሳትተኩስ አገሯን አገለገለች ብሎ አመሰገናት። ደሜ ፈላ። እውነቱን ነው፣ ያቺ መርከብ የገደለችው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የኛ ነው።

ቤቭ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አሸዋው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። እኔ አላወቅኋትም። ኖሪን ግን አየቻትና ስሟን ጠራች፤ ንግግር ያደርግ የነበረው ሰውዬ እንኳ አቋርጦ ዞረ። ቤቭ መጣች። ፀጉሯ ጣል ጣል ብሎ ሸብቷል። ያቺን ቃል ይዛ ስንት ዓመት እንቅልፍ እንዳጣች ልትናገር ሞከረች፣ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለባት።

«አንቺ ሞኝ» አለቻት ኖሪን። «የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደህናው ቃል እሱ አልነበር? ከኔ በር አንዱ ባል ተርፎ ሄደ፤ ያንቺው። እሱን ይዤ ነው የተነሣሁት፤ አንቺ ግን ይዘሽብኝ ጠፋሽ።»

ቤቭ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። በዚያው መሐል ፈንጂው አጉረመረመና መርከቧ በአፍንጫዋ ሰመጠች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስለነበር አላዩአትም።