ለአባቴ ዓይን የሠራኋቸው ፎቶዎች

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በኮምቦልቻ አድርጎ አሰብ ድረስ ይመላለስ ነበር። የአሰብ መንገድ ሲዘጋም እስከ ሚሌ በድሮው መንገዱ ይሄድና ከዚያ ወደ ጅቡቲ ይታጠፋል። ልደታ ያለው ቤታችን ለእሱ ማረፊያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። መጥቶ ጥቂት ይቆይና እናቴ ያጠበችለት ልብስ በቅጡ ሳይደርቅ ተመልሶ ይወጣል። ልጅ ሆኜ አባቴን የማውቀው ይበልጡን ስለ መንገዱ በሚያወራልኝ ነው። ምን እንደጫነ፣ ከማን ጋር እንደተጨቃጨቀ አያወራም። የሚያወራው ያየውን ነው። ሚሌ ላይ በረሃው ጠዋት ጠዋት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ የቦርከና ወንዝ በክረምት እንዴት እንደሚሞላ። ከሁሉም ግን ደጋግሞ የሚያነሳው ከደብረ ሲና በላይ መኪና በዋሻ የሚያልፍበትን ጣርማ በርን ነው።

«ዋሻውን ስትወጪ አገሩ ሁሉ ከእግርሽ ስር ነው» ይለኛል። «ደመናው ራሱ ከታች ነው የሚታይሽ።»

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያና የግድግዳ ካላንደር በኮምፒውተር ማዘጋጀት ነበር። ፎቶ ማስተካከል የተማርኩት እዚያ ነው። የሙሽሮችን ፊት አጠራለሁ፣ ለካላንደር የሚመጡትን የሐይቅና የተራራ ፎቶዎች ሰማያቸውን አሰማምራለሁ። የሙሽሮቹ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ የተራራዎቹ ላይ ግን ሰዓት ይሄድብኛል። በኋላ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ያገለገለ ካሜራ ይዛልኝ መጣች። ያኔ ቅዳሜና እሁድ ሚኒባስ ተከራይተው ከከተማ ከሚወጡ የእግር ተጓዦች ጋር መሄድ ጀመርኩ። ሌላው ሰው ለመራመድ ይወጣል፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። ማታ ተመልሼ ጫማዬን እንኳን ሳልጠርግ ያነሳሁትን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ።

በዚያን ጊዜ አባቴ መንዳት ትቶ ቤት ገብቶ ነበር። «ወገቤ እምቢ አለኝ» ነበር ያለን፤ እኛም አመንነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት መሪ ላይ የተቀመጠን ሰው ወገቡ ቢያስቸግረው ምን ይገርማል? ጠዋት ጠዋት በራፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ሬዲዮ ያዳምጣል። እኔ ከጉዞ ስመለስ ግን ሬዲዮውን ቀንሶ «እስቲ ያየሽውን አሳዪኝ» ይለኛል።

ጣርማ በርን መጀመሪያ ያነሳሁ ዕለት ደስታዬ ልዩ ነበር። አየሩ ጠርቶ ስለነበር ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድ፣ እርከኖቹ፣ ከታች ደብረ ሲና ሁሉም በደንብ ወጥተው ነበር። የዋሻው አፍ በግራ በኩል ይታያል። አባቴን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩትና ፎቶውን ሙሉ ስክሪን አደረግሁለት። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አንገቱን ቀስ እያደረገ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ አዞረ።

«ዋሻው የታለ?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስቀምጦ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ይፈልግ ጀመር። እናቴ ከኋላችን ቆማ ታየው ነበር። ማታ ወደ ማድቤቱ ጠርታኝ «ከበር መቃን ጋር ሲጋጭ ከርሟል። አትንገሪ ብሎ ነው» አለችኝ። መኪናውን የተወው በወገቡ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዓይን ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ድምፁ ዝግ ያለ። ብዙ መሣሪያ ላይ አገጩን አስደግፎ ካየው በኋላ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ ግላኮማ።

«አባባ፣ የጠፋውን ልመልስልዎት አልችልም» አለው። «ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።»

«የቀረው ምን ያህል ነው?» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ተመለከተ። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። መሀሉ ይታያቸዋል፣ ዙሪያው የለም። ቀዳዳው ደግሞ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል።»

እኔ ግን ያ ነገር በትክክል አልገባኝም። ዓይኑ ለደከመ ሰው ነገር ሲተልቅ ይሻላል ብዬ ነው ያሰብኩት። በማግሥቱ ማተሚያ ቤት የጣርማ በሩን ፎቶ በትልቁ አትሜ አመጣሁና ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አባቴ ቀርቦ ቆመ። እርከኑን ሲያገኝ መንገዱ ይጠፋዋል፣ መንገዱን ሲያገኝ ሰማዩ። «ትልቅ ነው» አለኝ። የሐኪሙን ቃል ያስታወስኩት ያኔ ነው። በቁልፍ ቀዳዳ ለሚያይ ሰው ትልቁ ፎቶ ከትንሹ የባሰ ነው።

ስለዚህ ማሳነስ ጀመርኩ። ፎቶውን የእጅ መዳፍ እስኪያክል አሳንሼ ጥቁር መደብ መሀል ላይ አስቀምጠዋለሁ። የማያስፈልገውን ዛፍና ድንጋይ ቆርጬ አወጣለሁ። ጥላውን አጠቁራለሁ፣ መንገዱን ነጭ አደርገዋለሁ፣ ሰማዩን ወደ ሰማያዊ እጎትተዋለሁ። መጀመሪያ እንዲህ የሠራሁለትን ሲያይ አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ይኸው ዋሻው» አለ። «ይኸው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ። እዚች ላይ ጎማ ቀይሬ አውቃለሁ።»

ያን ቀን እናቴም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ስለዚያች መታጠፊያ እንደ አዲስ አወራን።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ መሥራት ልማዴ ሆነ። አንዱ ለራሴ ነው፣ እንዳየሁት። ሌላው ለአባቴ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን የእሱ ፎቶዎች ከእኔዎቹ እየራቁ ሄዱ። ትናንት ያየውን ዛሬ «ደብዘዝ ብሏል» ይለኛል፤ ትንሽ አደምቀዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና። ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። ተራራዎቹ ጠርዛቸው በጥቁር እስክሪብቶ የተሰመረ ይመስላሉ። ማተሚያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አንዱን አይታ «ይሄ ምንድን ነው? ምነው እንዲህ አበላሸሽው?» አለችኝ። የኮምፒውተሩ የቀለም ማስተካከያ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ የሚገፋ ነገር የለውም፤ እኔ ደግሞ እዚያ መጨረሻ ላይ ደርሼ ነበር።

ጠብታውን እናቴ ናት የምታደርግለት፤ ጠዋትና ማታ። አንድ ጊዜ ጠብታው ከከተማው ጠፋ። ከሜክሲኮ ጀምሬ አብነትና ጠመንጃ ያዥ ሰፈሮችን አዳረስኩ። በየመድኃኒት ቤቱ ባዶውን ጠርሙስ የባንኮኒው መስተዋት ላይ አስቀምጬ አሳያለሁ፤ ሻጮቹ የለም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ «በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሪ» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም አልነበረም። ቤት ስገባ አባቴ ከሁኔታዬ አውቆ «ተይው፣ እግርሽ ነው የሚያልቀው» ይለኛል። ጠብታው ኋላ ላይ ተገኘ። እሱን ስንጠብቅ ግን የዓይኑ ቀዳዳ የበለጠ ጠበበ።

ክረምት ላይ ነው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔና አባቴ እንደ ወትሮው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠናል፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እከፍትለታለሁ። አንዱን ከፍቼ «ይሄ ከደብረ ብርሃን ወዲህ ያለው ሜዳ ነው» እንዳልኩት መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሰዓቱ ቀን ስለሆነ ክፍሉ ብርሃን አለው፤ በዝናቡ ምክንያትም የኮምፒውተሩ ድምፅ መጥፋቱ አልተሰማም። መብራት መሄዱን ልነግረው አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«ጥሩ ነው» አለ ጥቁሩን ስክሪን እያየ። «ሰማዩ ጠርቷል። ከብቶቹም ይታያሉ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ እጄን ከማውሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም። ስንቱን ምሽት ስለ እሱ ዓይን ስል ቀለም ስጎትት አምሽቼ እንደሆነ፣ እሱ ደግሞ ስለ እኔ ስሜት ሲል ያላየውን ሲያደንቅ ቆይቶ እንደሆነ።

«ቀጣዩን አሳዪኝ» አለኝ።

ቀጣይ የለም ማለት አልቻልኩም። ኮምፒውተሩ እንደሚሠራ ሁሉ ቁልፉን ነካሁና «ይሄ ደግሞ ወንዝ ነው» አልኩት።

«ሞልቷል» አለ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ፎቶ ካልሆነ ቦታውን ራሱን ላሳየው አሰብኩ። እዚያ ቢቆም፣ ከፀሐይ በታች፣ ምናልባት የቀረችው ቀዳዳ አንድ ነገር ትይዝ ይሆናል። እናቴ ሐሳቡን አልወደደችውም፤ እሱ ግን ወዲያው ተነሳ። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ንፋሱ አስጠግቶ ነበር። ደብረ ብርሃንን በብርዱ ነው ያወቃት። ዋሻው ውስጥ ስንገባ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ፈገግ አለ።

ዋሻውን ወጥተን ጥቂት ቁልቁል እንደሄድን ከሚኒባሱ ወረድን። እንዲህ የጠራ ቀን ጣርማ በር ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። እስከ ቆላው ድረስ አንድም ደመና የለም። አባቴን በክንዱ ይዤ ከአስፋልቱ ዳር ወደ ጠጠሩ አወጣሁት። ቀበቶውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ግን የዞረው ወደ ተራራው ድንጋይ ነበር፤ ገደሉ ከጀርባው ነው። ላዞረው እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ፣ ግን አልገፋሁትም። በዚያው አቅጣጫ በጣም ተመስጦ ያይ ነበር።

አንድ ተሳቢ ያለው መኪና ከዋሻው ወጥቶ እየጮኸ አለፈን። የመኪናው ንፋስ ሲመታው አባቴ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አደረገ፤ ጠጠሩ ከጫማው ስር ተንከባለለ። ጠጠሩ ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁ። እሱም ሰማ። የጃኬቴን እጅጌ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ያን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና የወጣና የወረደ ሰው ነው።

«ልጄ፣ ገደሉ በየት በኩል ነው?»

«ይዤሃለሁ አባዬ። ሩቅ ነው።»

ፀሐይ ግንባሩ ላይ ታበራ ነበር፤ ላብ አውጥቶታል።

«ጭጋግ ነው እንዴ?» አለኝ።

ጭጋግ እንደሌለ በቆዳው ያውቃል፤ ሙቀቱ ፊቱ ላይ ነው። ግን ጠየቀኝ። መልሴንም ይጠብቅ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ጭጋግ ነው። ምንም አይታይም።»

«እዚህ ቦታ እንዲህ ነው» አለ። «አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። በይ እንመለስ።»

ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። አንድ ፎቶ ብቻ አነሳሁ። እሱ ወደ ድንጋዩ ዞሮ ቆሞ፣ ከኋላው ያ ሁሉ አገር። ቤት እንደገባን እናቴ «እንዴት ነበር?» ስትለው «ጭጋግ ሆነብን» አላት፤ እናቴም አቀርቅራ ጫማውን አወለቀችለት። ፎቶውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ብርሃኑ ትክክል ነው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። የማስተካክለው ምንም ነገር አልነበረውም። ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለይ ነበር፤ ቀጥሎ ያም ቀረ። በእኛ በኩል ያለው ሰፈር ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ገባን። በድሮው ቤት ግድግዳውን እየዳሰሰ የትም ይደርስ ነበር፤ እዚህ ግን ከደረጃው ጋር መላመድ አቃተው። ብዙውን ጊዜ ሳሎን ተቀምጦ ይውላል። ፎቶ አሳዪኝ ማለቱን መቼ እንዳቆመ እኔም እሱም አናስታውስም።

እኔ ግን ጉዞውን አልተውኩም። መተው የነበረብኝ ይመስለኛል አንዳንዴ፤ ግን ቅዳሜ ሲመጣ እወጣለሁ። አንድ ቀን አምሽቼ ስመለስ የበሩን ድምፅ ሰምቶ «የት ዋልሽ?» አለኝ።

«ወንጪ ሄደን ነበር።»

«በዚያ በኩል ነድቼ አላውቅም» አለ። ትንሽ አሰበ። «ምን አለ እዚያ?»

ልነግረው ሞከርኩ። ሐይቅ አለ አልኩት፣ ዙሪያውን ተራራ ነው፣ መሀሉ ላይ ደሴት አለ። ቀለሙን ልነግረው ፈልጌ ቃል አጣሁ። እሱ ለእኔ ሲያወራ በረሃው ራሱ ዓይኔ ላይ ድቅን ይል ነበር፤ የእኔ ወሬ ግን ካርታ እንደማንበብ ሆነ። በትዕግሥት አዳመጠኝ። እናቴ እራት መቅረቡን ስትነግረን ክንዱን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ወሰድኩት።