የካውቦዩ ግንባር

የርችት ባሩድ በሸተተኝ ቁጥር ጋሼ ተካ ትዝ ይሉኛል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ፓርክ ውስጥ አንድ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ለአሜሪካኖቹ የነጻነት በዓል፣ ለጁላይ ፎር፣ ስለ አገሩ ሲዘፍን፣ ጋሼ ድንገት መድረኩ ላይ ወጡ። የሰውዬውን የካውቦይ ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ላብ ያወዛው ግንባሩ ላይ አምስት ዶላር ለጠፉለት። ዘፋኙ ግን ብሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ዘፈኑን ጨረሰ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ እንዲህ አይደረግም» አልኳቸው።

«ለአገሩ የዘፈነ ሰው ሳይሸለም ይውረድ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው እየተቀመጡ።

ዛሬም እዚያው ፓርክ ባሩዱ ይሸታል፤ ሌላ ባለባርኔጣ ይዘፍናል። ታሪኩን የነገርኳት ልጄ እጄ ወደ ቦርሳዬ ሲሄድ አየችና «ማሚ፣ ፕሊዝ ዶንት» አለችኝ።

ቦርሳው ግን ተከፍቷል።